ጃንጥላው ተከፈተ ማለት ጨዋታው አለቀ ማለት አይደለም

ሰኔ 8 ቀን 2013 ዓ.ም. ምሽት። ሙኒክ፣ አሊያንዝ አሬና። በአውሮፓ ዋንጫ «የሞት ምድብ» በተባለው ምድብ የተገናኙት ፈረንሳይና ጀርመን ሊፋጠጡ ነው። ተጫዋቾቹ ሜዳ ገብተዋል፤ ተመልካቹ ቦታ ቦታውን ይዟል። በዚህ መሀል ከስታዲየሙ ጣሪያ በላይ ቢጫ ጨርቅ ብቅ አለ። ጀርባው ላይ ሞተር ያዘለ አንድ ሰው በገመድ ተንጠልጥሎ ይበራል። ሰውየው የአካባቢ ጥበቃ ተሟጋች ነው። ድርጅቱ ግሪንፒስ በኋላ እንዳስረዳው ሐሳቡ በስታዲየሙ ላይ ለማለፍ እንጂ ለማረፍ አልነበረም። ነገር ግን ከሜዳው በላይ የካሜራ ማንጠልጠያ ሽቦ ተወጥሯል። ሽቦውን ነካ፤ ሚዛኑ ተናጋ፤ በተመልካቹ አናት ላይ እየተንገዳገደ አለፈና ሣሩ ላይ ወደቀ። የፈረንሳዩ አሰልጣኝ ዲዲዬ ዴሾ ከላይ ከሚረግፈው ነገር ለመትረፍ ጎንበስ ሲሉ ታዩ። ሁለት ሰዎች ተጎድተው ሆስፒታል ተወሰዱ። ጨዋታው ግን ተካሄደ። ማትስ ሁመልስ በራሱ ጎል ላይ ባስቆጠራት ኳስም ፈረንሳይ 1 ለ 0 አሸነፈች።

የኳስ አፍቃሪው ከዚያ ምሽት የሚያስታውሰው ሁመልስን ነው። ቢጫውን ጨርቅ ግን መርሳት አይገባም። ሽቦውን እስኪነካ ድረስ ጨርቁ አልተቀደደም፣ አልተጠቀለለም። በደንብ ተከፍቶ፣ አየር ሞልቶ እየበረረ ነበር። አደጋው የመጣው ካልተከፈተ ጃንጥላ ሳይሆን ከተከፈተ ጃንጥላ ነው።

ከዚያ ሁለት ዓመት ቀደም ብሎ፣ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2019፣ ጣሊያን ውስጥ ሳሱኦሎና ኢንተር ሚላን እየተጫወቱ ሳለ አንድ ፓራሹተኛ ከሰማይ ወርዶ ሜዳው ላይ ዱብ አለ። ጨዋታው ኢንተር 4 ለ 3 ያሸነፈበት ነው። ተመልካቹም ተጫዋቹም በግርምት ተመለከተው። ማንም አልተጎዳም፤ ነገሩ ሳቅ ሆኖ አለፈ። ያው ጃንጥላ፣ ያው ሣር… አንዱ ቀን ሲያስቅ ሌላው ቀን አምቡላንስ ያስጠራል።

«የፈረንጅ ጉድ ነው፤ እኛን ምን አገባን?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ያገባናል። ጃንጥላና ኢትዮጵያ ከተዋወቁ ቆይተዋል።

«ጥቁሩ ንስር» በአዲስ አበባ ሰማይ

እ.ኤ.አ. በ1930 ሁበርት ጁሊያን የሚባል የትሪኒዳድ ተወላጅ አዲስ አበባ ገባ። ሰውየው ኒውዮርክ ውስጥ፣ በጥቁሮቹ ሰፈር በሐርለም፣ ከአውሮፕላን በፓራሹት እየዘለለ ስም ያወጣና «የሐርለም ጥቁር ንስር» የተባለ ነው። አዲስ አበባም በአፄ ኃይለ ሥላሴ ፊት ዘለለ። ንጉሠ ነገሥቱ ተደሰቱ፤ ዜግነትና የኮሎኔልነት ማዕረግ ተሰጠው። ጥቂት ቆይቶ ግን ለጥቅምት 1923 ዓ.ም. የንግሥ በዓል ዝግጅት ሲደረግ የንጉሠ ነገሥቱን አውሮፕላን ይዞ ተነሳና ከሰከሰው። ከአገር እንዲወጣም ተደረገ። በፓራሹት ያገኘውን ክብር በአውሮፕላን አጣው ማለት ነው።

በኋላ ደግሞ ደብረ ዘይት ላይ የሠለጠነው አየር ወለድ መጣ። «እገሌ እኮ አየር ወለድ ነበር» ሲባል ሰፈሩ በሙሉ በአክብሮት ያያል። ይገባቸዋልም። ግን የወታደሩ ጃንጥላና የስፖርቱ ጃንጥላ አንድ አይደሉም። ይሄን አለመለየት ነው ብዙ ሰው የሚያሳስተው።

ክቡና ክንፉ

የወታደሩ ጃንጥላ በተለምዶ ክብ ነው። ሥራው ብዙ ሰው ባንድ ጊዜ ቶሎ መሬት ማድረስ እንጂ እንደ ልብ እየተጠማዘዙ መሄድ አይደለም። ለብዙ አሥርት ዓመታት ያገለገለው ቲ-10 የተባለው የአሜሪካ ክብ ጃንጥላ ሰውን በሴኮንድ 7 ሜትር ገደማ ያወርዳል። ይሄ ከ2 ሜትር ተኩል ግንብ ላይ እንደ መዝለል ነው። አየር ወለዱ እግሩን ገጥሞ እንዲንከባለል የሚሠለጥነውም ለዚሁ ነው፤ ቆሞ ልረፍ ካለ ቁርጭምጭሚቱ ይሄዳል።

የስፖርቱ ጃንጥላ ሌላ ፍጥረት ነው። ዶሚና ጃልበርት የተባለ ትልልቅ ካይቶች ይሠራ የነበረ ሰው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ያመጣው ንድፍ ነው። ከላይና ከታች ሁለት ጨርቅ አለ፤ በመሀላቸው ጎን ለጎን የተደረደሩ ኪሶች አሉ። አብዛኛውን ጊዜ ሰባት ወይም ዘጠኝ ናቸው። የኪሶቹ አፍ ከፊት ክፍት፣ ከኋላ ዝግ ነው። ጃንጥላው ወደፊት ሲሄድ አየሩ በአፋቸው ገብቶ ይነፋቸዋል። ጨርቁም ጨርቅ መሆኑ ይቀርና ክንፍ ይሆናል። በቃ፣ ሞተር የሌለው ትንሽ አውሮፕላን ማለት ነው።

ክንፍ ነው ማለት ወደፊት ይሄዳል ማለት ነው። ሰፊው የጀማሪ ጃንጥላ እንኳን ነፋስ በሌለበት በሰዓት 35 እና 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በዘላዩ ግራና ቀኝ ሁለት እጀታ አለ። የግራውን ሲስቡት ወደ ግራ፣ የቀኙን ሲስቡት ወደ ቀኝ ይዞራል። ሁለቱን እኩል ሲስቡ ደግሞ ፍሬን ይይዛል። መሬት ሊደርስ 3 እና 4 ሜትር ሲቀረው ሁለቱንም እኩል የሳበ ዘላይ ደረጃ እንደወረደ ሰው ረጋ ብሎ ይቆማል። ቀድሞ የሳበ ከላይ ይወድቃል፤ ዘግይቶ የሳበ ከመሬት ጋር ይጋጫል።

ሲከፈትም ጥበብ አለበት። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ እየወረደ ያለ ሰው ላይ ያ ሁሉ ጨርቅ ባንዴ ቢከፈት ሰውየውም ጨርቁም አይተርፉም። ስለዚህ ገመዶቹን ሰብስባ የምትይዝና አየሩ እየገፋት ቀስ ብላ ወደታች የምትንሸራተት አራት ማዕዘን ጨርቅ አለች። እሷ ናት አከፋፈቱን የምታበርደው። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ የቡድኑ የተከላካይ አማካይ ናት። ጎል አታገባም፣ እሷ ከሌለች ግን ቡድኑ ይፈርሳል።

ቁጥሩ ያልሆነ ጫማ

ጃንጥላ እንደ ማልያ «ለሁሉም ይሆናል» ተብሎ አይታደልም። እንደ ጫማ ነው፤ ቁጥር አለው። ቁጥሩ የሚወጣው ዘላዩ ከነዕቃው የሚመዝነውን ለጨርቁ ስፋት በማካፈል ነው። ከነዕቃው 90 ኪሎ የሚመዝን ጀማሪ ቢያንስ 18 ካሬ ሜትር ገደማ፣ ቢቻል ከዚያ የሰፋ ጨርቅ ያስፈልገዋል። ያው ሰው 12 ካሬ ሜትር ጨርቅ ሥር ቢንጠለጠል ጃንጥላው ሩብ ያህል ይፈጥናል፤ ለትንሽ ስህተትም ይቅርታ አያደርግም። የክንፉ ቅርፅም ለውጥ ያመጣል። ቀጥ ያለው አራት ማዕዘን ረጋ ያለ ነው። ጫፍ ጫፉ እየጠበበ የሚሄደው ሞላላ ክንፍ ግን እጅ ገና ሲነካው ይዞራል፣ ሲዞርም ቶሎ ይወርዳል።

ችግሩ ትንሹ ጃንጥላ ያምራል። ይፈጥናል፣ ሣሩን እየላሰ ይሄዳል፣ ለቪዲዮ ይመቻል። በስልኩ ይሄን የሚያይ ወጣት «ሰፊውማ የሽማግሌ ነው» ይላል። ትላንት ኳስ መምታት የጀመረ ልጅ ዛሬውኑ የሮናልዲንሆን ጀርባ ማቀበል ቢሞክር ቢበዛ ኳሷን ይነጠቃል። እዚህ ግን የሚነጠቀው ሌላ ነገር ነው።

የማለቂያው ሰዓት ጎል

ስፖርቱ ራሱ ነፍሰ በላ ነው ማለት አይደለም። በአሜሪካ በ1970ዎቹ በዓመት በአማካይ ከ40 በላይ ሰዎች በፓራሹት ዝላይ ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2023 ከ3.6 ሚሊዮን በላይ ዝላዮች ተደርገው የሞቱት 10 ናቸው። ዘላዩ በዝቶ ሟቹ የቀነሰው ዕቃው ስለተሻሻለ፣ ሥልጠናው ስለጠበቀ፣ ሕጉም ስለተከበረ ነው። እያንዳንዱ ዘላይ ዋናው ጃንጥላ እምቢ ቢል የሚያወጣው ተጠባባቂ ጃንጥላ አለው። ዘላዩ ራሱን ቢስት እንኳን ተጠባባቂውን በራሷ የምትከፍት ትንሽ ማሽን አለች። ጀርመናዊው ሄልሙት ክሎት እ.ኤ.አ. በ1991 ገበያ ላይ ያዋላት ሳይፕረስ የተባለችው ማሽን ከመሬት 225 ሜትር ገደማ ላይ ሰውየው አሁንም በከፍተኛ ፍጥነት እየወደቀ መሆኑን ካየች የተጠባባቂውን ማሰሪያ ትቆርጣለች።

ታዲያ አሁንም ሰው የሚሞተው ለምንድነው? መልሱ ብዙዎችን ይገርማል። ትልቁ ድርሻ ጃንጥላቸው በሚገባ ተከፍቶ፣ ምንም ሳይጎድለው፣ ለማረፍ ሲሉ የሚሞቱ ሰዎች ናቸው። ማሽኗ እዚህ ላይ አትደርስም፤ እሷ የምታውቀው ጃንጥላ ያልተከፈተለትን ሰው ነው። ተጠባባቂውም ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ጨዋታው ያልቃል።

ነገርየው እንዲህ ነው። ዘላዩ ሊያርፍ 30 ሜትር ሲቀረው ከፊቱ ዛፍ ያያል፤ ወይም ነፋሱ ከኋላው መሆኑ ትዝ ይለዋል። ይደነግጥና አንዱን እጀታ ጨምድዶ ይስባል። ክንፉ ወደ ጎን ይጋደማል፣ አፍንጫውን ይደፋል፤ ሰውየው እንደ ድንጋይ ወንጭፍ ወደ ውጪ ይወረወራል። ክንፉ ተመልሶ ቀና ለማለት ከፍታ ይፈልጋል። ከፍታው ደግሞ የለም። በ90ኛው ደቂቃ የገባ ጎል ማለት ይሄ ነው፤ ለመልስ ሰዓት የለም።

መድኃኒቱ ለወሬ ቀላል፣ ለድንጉጥ እጅ ግን ከባድ የሆነች ሦስት ሕግ ናት። አንደኛ፣ ክንፉ ቀጥ ብሎ ይረፍ። ሁለተኛ፣ ገላጣ ቦታ ይመረጥ። ሦስተኛ፣ ፍሬኑ በሁለት እጅ እኩል ይያዝ። ነፋሱ ከኋላ ቢሆን እንኳን መሬት አጠገብ ከመዞር ቀጥ ብሎ በፍጥነት አርፎ መንከባለል ይሻላል። ጉልበት ይላጣል፣ ሱሪ ይቀደዳል፤ ሰውየው ግን ቤቱ ይገባል። መዞር ያለበት ገና ከላይ፣ 300 ሜትር ገደማ ላይ ሆኖ የማረፊያ መስመሩን ሲጀምር ነው።

ወደ መካነ ኢየሱስ ሲመጣ

እስካሁን የተባለው ሁሉ በዓለም ላይ የታወቀ ነው። አብዛኛው የሥልጠና መጽሐፍ ግን የሚጻፈው በባሕር ጠለል አጠገብ ላሉ ሜዳዎች ነው። የኢትዮጵያ ደጋ ሌላ ሒሳብ አለው። ለምሳሌ የእስቴዋ መካነ ኢየሱስ ትወሰድ። ደቡብ ጎንደር፣ ከ4100 ሜትር በላይ ከፍ ካለው ከጉና ተራራ አካባቢ የምትገኝ የደጋ ከተማ ናት። አየሩ ነፋሻ፣ አገሩ ከላይ ሲያዩት የሚያምር። አንድ ቀን ለበዓል ወይም ለዋንጫ ጨዋታ መክፈቻ «ከሰማይ ኳስ ይዞ የሚወርድ ሰው እናምጣ» የሚል አዘጋጅ ተነሳ እንበል። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1988 ሴኡል ላይ ፓራሹተኞች በሰማይ የኦሊምፒክን ቀለበቶች ሠርተው ዓለምን አስደምመዋል። ጥያቄው ሰውየው እንዴት ይወርዳል ነው።

የኳስ ሰው ከፍታን ያውቃል። ቦሊቪያ በ3600 ሜትሯ ላፓዝ እ.ኤ.አ. በ2009 የማራዶናን አርጀንቲና፣ ሜሲ እያለበት፣ 6 ለ 1 ቀጥታዋለች። ፊፋም ከዚያ በፊት በ2007 ከ2500 ሜትር በላይ የዓለም ዋንጫ ማጣሪያ እንዳይካሄድ ከልክሎ፣ ጩኸቱ ሲበዛ በዓመቱ እገዳውን አንስቷል። በደጋ አየሩ ስስ ነው። እንግዳው ተጫዋች ትንፋሽ ያጥረዋል፤ ኳሷ ደግሞ የሚይዛት አየር ስለሚቀንስ ትፈጥናለች።

ጃንጥላም ልክ እንደ ኳሷ ነው። ክንፉን የሚሸከመው አየር ነው፤ አየሩ ከሳሳ ክንፉ ያንኑ ሰው ለመሸከም የግድ መፍጠን አለበት። በ2400 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ያው ጃንጥላ፣ ያው ሰው፣ ከ12 እስከ 13 በመቶ ይፈጥናል። በባሕር ዳርቻ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የነበረው 45 ይሆናል። ወደታች የሚወርድበት ፍጥነትም በዚያው ልክ ይጨምራል። 12 በመቶ ትንሽ ይመስላል። ከመሬት ጋር ሲጋጩ ያለው ጉልበት ግን በሩብ ይጨምራል። ለመዞር የሚፈልገው ቦታም እንዲሁ በሩብ ይሰፋል። የቀትር ፀሐይ መሬቱን ስታግለው ደግሞ አየሩ ይብስ ይሳሳል፣ ከሥርም ይናወጣል። አንድ ሰው ፓራግላይደር ይዞ ከጉና ጫፍ ሮጦ ልነሳ ቢል፣ እዚያ ላይ ክንፉ ከባሕር ጠለሉ ከሩብ ጥቂት ባነሰ ፍጥነት ጨምሮ ካልሮጠ አያነሳውም። ያውም ትንፋሹ በሚያጥርበት ቦታ።

ስለዚህ ባሕር ዳርቻ ላይ መቶ ጊዜ በሰላም ያረፈ ዘላይ ደጋ ሲመጣ የለመደውን ጨርቅ ይዞ የለመደበት ከፍታ ላይ ከዞረ ሊሳሳት ይችላል። ለደጋ ሰፋ ያለ ጨርቅ ያስፈልጋል፤ የማረፊያ መስመሩም ከፍ ብሎ ይጀመራል። መሬቱም ከለመደው ቀድሞ እንደሚመጣ አውቆ መውረድ አለበት።

የሰዓቱ ነገር

ከዚህ የሚብስ ሌላ ወጥመድ አለ። ወደ መካነ ኢየሱስ የሚመጣ አውሮፕላን የሚነሳው ቅርብ ካለ አውሮፕላን ማረፊያ፣ ለምሳሌ ከባሕር ዳር ነው። ባሕር ዳር 1800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። የእስቴ ደጋ ከዚያ በብዙ መቶ ሜትር ይበልጣል። ዘላዩ እጁ ላይ የሚያስረው የከፍታ መለኪያ ሲነሳ ዜሮ ላይ ይሞላል። ባሕር ዳር ላይ ዜሮ ያደረገውን መለኪያ ሳያስተካክል መካነ ኢየሱስ ላይ ቢዘልስ? ልዩነቱ 500 ሜትር ነው ቢባል፣ እግሩ መሬት ሲነካ መለኪያው ገና «500 ሜትር ይቀርሃል» እያለው ነው።

ተጠባባቂውን የምትከፍተው ማሽንም እንደዚያው ናት። መሬቱን የምታውቀው በተከፈተችበት ቦታ የአየር ግፊት ነው። ባሕር ዳር ላይ ተከፍታ የማረፊያው ልዩነት ካልተነገራት 225 ሜትር የምትለው ከባሕር ዳር በላይ ነው። ይሄ ከፍታ እስቴ ላይ ከመሬት በታች ነው። ዳኛው ሰዓቱን በሌላ ከተማ ጨዋታ ሞልቶ የመጣ ማለት ነው… ፊሽካው ሲነፋ ሜዳው ላይ ሰው የለም።

የሚዘለልበትም ከፍታ ሒሳብ አለው። በዓለም ላይ የተለመደው ዝላይ ከመሬት 4000 ሜትር ገደማ ላይ ነው። መሬቱ ራሱ 2400 ሜትር ከሆነ አውሮፕላኑ ከባሕር ጠለል 6400 ሜትር ላይ ወጣ ማለት ነው። በአሜሪካ የፓራሹት ማኅበር ሕግ ከባሕር ጠለል ከ4600 ሜትር ገደማ በላይ የሚወጣ ዘላይ ኦክስጅን የግድ ነው። ኦክስጅን ያነሰው ጭንቅላት ደግሞ መደናገሩን ራሱ አያውቀውም። ስለዚህ በደጋ ኦክስጅን ከሌለ ዝላዩ ዝቅ ማለት አለበት።

ከ«አምስት ከሃምሳ» የጠበበ ቦታ

አሁን ወደ ሜዳው። በዚያው ማኅበር መመዘኛ ለተማሪ ዘላይ ከማረፊያው ነጥብ በሁሉም አቅጣጫ 100 ሜትር ገላጣ መሬት ያስፈልጋል። ከዳር ዳር 200 ሜትር መሆኑ ነው። ደረጃውን የጠበቀ የኳስ ሜዳ ደግሞ 105 በ68 ሜትር ነው። ተማሪ ዘላይ ኳስ ሜዳ ላይ አይበቃውም ማለት ነው፤ ዙሪያው ሕዝብ፣ አጥር፣ የመብራት ምሰሶና ሽቦ ሲጨመርበትማ ጭራሽ።

ለትርዒት ስታዲየም ውስጥ የሚያርፍ ሰው እዚያ አገር ልዩ ፈቃድ ያወጣል። ቢያንስ 500 ጊዜ የዘለለ መሆን አለበት። 12 በ6 ሜትር በምትሆን ቦታ ላይ አሥር ጊዜ በተከታታይ ቆሞ ማረፉንም ያሳያል። 12 በ6 ማለት ከበረኛው «አምስት ከሃምሳ» ሳጥን ያነሰች ናት። አሥር ጊዜ በተከታታይ! አንዴ ከሳተ ከአንድ ይጀምራል። ይሄ ሁሉ ለጃንጥላው ክብር አይደለም፤ ልጁን ትከሻው ላይ አድርጎ ጨዋታ ሊያይ ለመጣው አባት ነው።

«ድሃ አገር ላይ ይሄን ሁሉ ሕግ ማን ይችለዋል? ደፋር ልጅ ይበቃል» የሚሉ አሉ። ድፍረት አገሩ ላይ ጠፍቶ አያውቅም። ግን የኢትዮጵያ ኳስ ራሱ «ሕጉ ይቆይልን» ማለት ምን እንደሚያስከፍል አይቷል። እ.ኤ.አ. በ2021 ካፍ የባሕር ዳርን ስታዲየም ከመመዘኛ በታች ነው ብሎ ሲያግድ ዋልያዎቹ ጋናን «በሜዳቸው» ያስተናገዱት ደቡብ አፍሪካ፣ ኦርላንዶ ስታዲየም ነው። 1 ለ 1 የወጡበትን ያን ጨዋታ የባሕር ዳር ሕዝብ በቴሌቪዥን አየው። ያኔ የጠፋው ጨዋታ ነው። በጃንጥላ የሚጠፋው ግን ሰው ነው፤ ለሰው ደግሞ የመልስ ጨዋታ የለም።

ደግሞም ሕጉ ያን ያህል ውድ አይደለም። መለኪያን በማረፊያው መሬት ልክ መሙላት ገንዘብ አይጠይቅም። ነፋስ ሲበረታ «ዛሬ አይዘለልም» ማለት ገንዘብ አይጠይቅም። እዚያ አገር ተማሪ በሰዓት ከ22 ኪሎ ሜትር በላይ በሆነ ነፋስ አይዘልም፤ ሕዝቡ ሜዳ ሞልቶ ቢጠብቅም አይዘልም። ሰፊ ጨርቅ መምረጥም ከጠባቡ ብዙ አይወደድም። ትንሽ ወጪ ያለው ዕቃ መጠበቁ ላይ ነው። ናይለን ፀሐይ ጠላቱ ነው፤ የደጋ ፀሐይ ደግሞ ብርቱ ናት። ጣሪያ ላይ ተሰጥቶ የከረመ ጃንጥላ ደህና እየመሰለ ጉልበቱን ይጨርሳል። ተጠባባቂው ጃንጥላ አሜሪካ ውስጥ በየ180 ቀኑ ፈቃድ ባለው ባለሙያ ተፈትቶ፣ ታይቶ እንደገና ይታጠፋል። ከውጭ በዘመድ ሻንጣ የመጣ ያገለገለ ጃንጥላ ማን እንዳጠፈውና መቼ እንደታጠፈ ካልታወቀ ጨርቅ ነው እንጂ ጃንጥላ አይደለም።

ምን ይደረግ?

የደጋ ሰማይ ለዚህ ስፖርት አይሆንም የሚል ክርክር እዚህ የለም። ጉናን የመሰለ ተራራ፣ የጋይንትንና የእስቴን የመሰለ አገር ያለው ወጣት ወደ ሰማይ ቢመኝ አይፈረድበትም። አንድ ቀን ከዚያ አካባቢ የሚነሳ ዘላይ ወይም ፓራግላይደር አብራሪ ባንዲራ ይዞ ዓለም ላይ ቢወዳደር የማይደሰት የለም። ነገር ግን ቅደም ተከተሉ አይገለበጥ። መጀመሪያ አሠልጣኝ፣ ቀጥሎ ዕቃ፣ በመጨረሻ ትርዒት ነው። ሩጫችን የዓለም የሆነው አሰላና በቆጂ ላይ መጀመሪያ ሜዳሊያ ተሰቅሎ አይደለም፤ መጀመሪያ አሠልጣኝ ቆሞ ነው።

ስለዚህ የሰማዩ ፈቃድ ያለበት የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን፣ የስታዲየም ባለቤት የሆኑ ከተሞች፣ የውድድርና የበዓል አዘጋጆችም ልብ ይበሉ። ሕዝብ ባለበት ሜዳ ላይ ሰው ከሰማይ ከመውረዱ በፊት አራት ጥያቄ ይጠየቅ። ዘላዩ ስንት ጊዜ ዘልሏል? ጨርቁ ለክብደቱና ለደጋው ይበቃል? መለኪያውና ማሽኑ የተሞሉት በየትኛው መሬት ልክ ነው? ሜዳው ሽቦ አለው ወይ? ለአራቱም መልስ ከሌለ ትርዒቱ ይቅር። ሕዝቡ ኳሱን ሊያይ ነው የመጣው፤ ኳሷ ከሰማይ ባትመጣም በዳኛው እጅ ብትገባ ማንም አይከፋውም።

ለወጣቱ ደግሞ አንድ ነገር። ጃንጥላ ሲከፈት ድምፅ አለው፤ ጧ ብሎ ነው የሚከፈተው። ከዚያ ጸጥታ ይሆናል። ዘላዩ ቀና ብሎ ሲያይ ጨርቁ ሙሉ ነው፣ ገመዱ አልተጠማዘዘም፤ «ተርፌያለሁ» ይላል። እዚያች ላይ ነው ስህተቱ የሚጀምረው። 2 ለ 0 እየመራ በ80ኛው ደቂቃ እጁን ለተመልካች ያውለበለበ ቡድን ምን እንደሚገጥመው የኳስ ሰው ያውቃል። ክንፉ ቀጥ እንዳለ፣ ሜዳው ገላጣ እንደሆነ፣ ፍሬኑ በሁለት እጅ እኩል እንደተያዘ ሁለት እግር መሬት እስኪነካ ድረስ… ጨዋታው አላለቀም።